ትምህርት ቤቱ ከስሮ መዝገበ ቃላት የጻፈው መምህር

እንግሊዝኛ ስናስተምር ልጆች ከሚያፋጥጡን ጥያቄዎች አንዱ ይኸ ነው፦ ደረሰኝ ማለት የሆነው «ሪሲት» ሲጻፍ የማትነበብ «ፒ» አለችበት፤ ማታለል ማለት የሆነው «ዲሲት» ግን የላትም። ሁለቱም የወጡት ከአንድ የላቲን ግሥ ነው። ታዲያ ምን ለያቸው? ነገሩን ስንከታተለው ሳሙኤል ጆንሰን ዘንድ ደረስን።

ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1709 በእንግሊዝ አገር፣ ሊችፊልድ ከተማ፣ ከመጽሐፍ ነጋዴ ተወለደ። በሕፃንነቱ የያዘው በሽታ ፊቱን አጠባስሎ ዓይኑን አደከመው። ኦክስፎርድ ቢገባም ገንዘብ አጥሮት ያለ ዲግሪ ወጣ። በ1735 በ20 ዓመት የምትበልጠውን፣ ባሏ የሞተባትን ኤልዛቤት ፖርተርን አገባና በእሷ ገንዘብ ትምህርት ቤት ከፈተ። የመጡት ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቤቱ ተዘጋ፤ ገንዘቧም ቀለጠ። በ1737 ከተማሪዎቹ አንዱን፣ በኋላ ዝነኛ ተዋናይ የሆነውን ዴቪድ ጋሪክን ይዞ ሎንዶን ገባ።

በ1746 መጽሐፍ ሻጮች መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅላቸው በ1,500 ጊኒ ተዋዋሉት። በ3 ዓመት እጨርሳለሁ አለ፤ 9 ዓመት ፈጀበት። ከጣሪያ ሥር ባለች ክፍል 6 ረዳቶች አስቀምጦ፣ እሱ መጽሐፍ እያነበበ ቃሉን ያሰምርበታል፣ እነሱ ይገለብጣሉ። በ1752 ሚስቱ ሥራው ሳያልቅ ሞተችበት። መዝገቡ በ1755 ሲወጣ ከ42,000 በላይ ቃላት ይዞ ነበር። ስሙ ገነነ፤ ኪሱ ግን ባዶ ነበርና በዓመቱ በዕዳ ተያዘ።

ስሕተት አልጠፋበትም። ሸረሪት ማለት የሆነውን «ስፓይደር» ጥንዚዛ የሚሰልል ነፍሳት ከማለት የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ፤ ቃሉ የመጣው ግን ከመፍተል ነው። ከፈረስ ሰኮና በላይ ያለውንም የእግር ክፍል ጉልበት ብሎ ፈታው። አንዲት ሴት ምክንያቱን ብትጠይቀው ካለማወቅ መሆኑን ሳያንገራግር ነገራት። (እኛስ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን እንዲህ ማለት ይቀለናል?)

ያቺንም «ፒ» የፈጠራት እሱ አይደለም። ከእሱ በፊት የነበሩ ሊቃውንት ላቲኑን ለማስታወስ ጣል ያደረጓት ነች። ጆንሰን ግን አንዱን ቃል ከነፒው፣ ሌላውን ያለፒ መዘገበ፤ አጻጻፉም በዚያው ጸና።

አገራችንን በዓይኑ ባያይም ከእኛ ጋር ትውውቅ አለው። በ1735 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ጄሮኒሞ ሎቦ የተባለው የፖርቱጋል ሚሲዮናዊ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ጉዞ የተረጎመበት ነው። በ1759 እናቱ ሲሞቱ ለቀብር ወጪ ብሎ በአንድ ሳምንት ምሽቶች የጻፈው «ራሴላስ»ም የሐበሻ ልዑል ታሪክ ነው።

ጆንሰን በ1784 ሞቶ ዌስትሚኒስተር አቢይ ተቀበረ። ልጅ አልነበረውም። ከንብረቱ አብዛኛውን ያወረሰው፣ ጃማይካ ውስጥ በባርነት ለተወለደው፣ እሱ ራሱ ከፍሎ ትምህርት ቤት ላስገባው አገልጋዩ ለፍራንሲስ ባርበር ነው።