ኅሩይ ወልደ ሥላሴ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ (1870 – መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም.) የኢትዮጵያ ደራሲ፣ የታሪክ ጸሐፊ፣ ዲፕሎማትና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በአገር ውስጥ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዘርዝረው ካታሎግ በማሳተምም ይታወቃሉ።

የልጅነት ዘመንና ትምህርት

ኅሩይ የተወለዱት በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐቤቴ ነው። አባታቸው የሞቱት እሳቸው ገና ልጅ ሳሉ ነው። የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩት በተወለዱበት አገር፣ በሰላ ድንጋይና በኋላም በእንጦጦ ራጉኤል ነበር። ግዕዝን አጥልቀው ካወቁ በኋላ የውጭ አገር ቋንቋ ጨመሩ። የቤተ ክህነቱን የንባብና የጽሕፈት ሥልጠና ይዘው ወደ ቤተ መንግሥት አገልግሎት ከገቡት የዘመኑ ሰዎች አንዱ ሆኑ።

የመንግሥት አገልግሎት

በ1903 ዓ.ም. በደጃዝማች (በኋላ ልዑል ራስ) ካሣ የሚመራው መልእክተኛ ቡድን ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ሲሄድ ኅሩይ አብረው ተጓዙ። በኋላም የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሹም ሆነው ሠርተዋል። በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላከው መልእክተኛ ቡድን ጋር ሄዱ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ወደ ጄኔቭ ከተላኩት አንዱ ነበሩ። በዚያው ዓመት አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጎበኙ አብረው ሄደው የጉዞውን ታሪክ ደስታና ክብር በተባለው መጽሐፍ አሳተሙ። በ1924 ዓ.ም. በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ጃፓንን ጎበኙ፤ ከጉዞውም ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለው መጽሐፋቸው ወጣ።

ድርሰቶች

ወዳጄ ልቤና የሕይወት ታሪክ በ1915 ዓ.ም.፣ አዲስ ዓለም ደግሞ በ1925 ዓ.ም. ታተሙ። የመጨረሻው ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ከአገሩ ልማድ ጋር የሚገጥመውን ችግር የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። ጎሐ ጽባሕ የሚባል ማተሚያ ቤትም አቋቁመው ብዙዎቹን መጻሕፍታቸውን እዚያ አሳትመዋል።

የመጻሕፍት ካታሎግ

ከኅሩይ በፊት የኢትዮጵያ መጻሕፍት ዝርዝር የሚወጣው ባብዛኛው በአውሮፓ ነበር። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የወሰዳቸው ብራናዎች ለንደን ገብተው፣ ዊሊያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ካታሎግ ውስጥ ተመዘገቡ። አንቷን ዳባዲም የሰበሰባቸውን 234 ብራናዎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1859 ፓሪስ ላይ አሳትሟል። እነዚህ ካታሎጎች የሚናገሩት ከአገር ስለ ወጡት መጻሕፍት ነው። ኅሩይ በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት ካታሎግ ግን በአገር ውስጥ ያሉትን፣ በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉትን መጻሕፍት ለአገሩ አንባቢ በራሱ ቋንቋ ዘረዘረ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና አዘጋጅተው አሳተሙት። በሁለቱ እትሞች መካከል ባሉት 16 ዓመታት የአማርኛ ሕትመት በጣም አድጎ ነበር፤ ለዚህ ዕድገት የኅሩይ የራሳቸው መጻሕፍትም ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ስማቸውና ዘመናቸው በኮምፒውተር መዝገብ

የቤተ መጻሕፍት ካርድ ወደ ኮምፒውተር መዛወር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ማርክ የተባለውን የአመዘጋገብ ሥርዓት ሲያወጣ ነው። ዛሬ ተማሪ የአንድን መጽሐፍ መዝገብ ከቤተ መጻሕፍት የመረጃ ቋት አውርዶ እንደ ዞቴሮና ኤንድኖት ወዳሉ የዋቢ መጻሕፍት ማደራጃ ፕሮግራሞች ያስገባል። ፋይሉ ደራሲን፣ ርእስን፣ የሕትመት ቦታን፣ አሳታሚንና ዓመትን በየምልክታቸው ለይቶ ስለሚይዝ ፕሮግራሙ ዋቢውን ራሱ ያዘጋጃል። የኅሩይ መጻሕፍት በዚህ መንገድ ሲገቡ ሦስት ስሕተቶች ሊከተሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የስም ነው። ወልደ ሥላሴ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ፕሮግራሙ ግን የመጨረሻውን ቃል እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ደራሲውን ሥላሴ በሚል ስም ሊያሰልፋቸው ይችላል። እንዲህ ሲሆን የአባት ስማቸው በሥላሴ ከሚያልቅ ሌሎች ደራስያን ጋር ይደባለቃሉ። ብላቴን ጌታ የሚለው ማዕረግም አንዳንድ ጊዜ ከስሙ ጋር ይገባል። መፍትሔው በዞቴሮ እንደሚደረገው ስሙን ሳይከፍሉ በአንድ ሣጥን ሙሉውን መጻፍና ማዕረጉን መተው ነው።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ካታሎጉ የታተመበት 1904 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር 1911/12 ነው። የለንደኑ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1911 ስለ ሆነ፣ 1904ን ሳይለውጡ አጠገቡ ያስቀመጠ ሰው ካታሎጉ ከጉዞው ሰባት ዓመት ቀድሞ የወጣ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ከጉዞው በኋላ መውጣቱ ነው። ስለዚህ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በዋቢው ላይ መግለጽ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የፊደል ነው። ኅሩይ፣ ሕሩይና ህሩይ ለአማርኛ አንባቢ አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ልዩነቱ ይበዛል። በዚህ ምክንያት የአንድ ሰው ሥራዎች በብዙ ስም ተበታትነው ይቀራሉ፤ ተማሪውም አንዱን አጻጻፍ መርጦ ሁሉንም በእሱ ማስተካከል ይኖርበታል።

ስደትና ሞት

ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ኅሩይ በ1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። ልጆቻቸው ጆርጅና ፈቃደ ሥላሴ በአገር ውስጥ በጣሊያኖች ተገደሉ። ልጃቸው ሲራክ ኅሩይ ግን ተርፈው የሳሙኤል ጆንሰንን ራስላስ ወደ አማርኛ ተርጉመዋል። ኅሩይ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ባዝ ከተማ ውስጥ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሚኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ፣ አገራቸው ነፃ ስትወጣ ሳያዩ አረፉ። አጽማቸው ከነፃነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብሯል።