አሌክሳንድር ዱማስና የብዕሩ ዕዳ

በሥራው ለብዙ ሕዝብ ደስታን ያተረፈ ሰው፣ ለራሱ ገንዘብ ሳያስቀር ቢሞትም ድኃ ነበረ ሊባል አይገባውም። ፈረንሳዊው ደራሲ አሌክሳንድር ዱማስ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነው። ነገር ግን ታሪኩ ለሌላው ሰው ድካም ተገቢውን ክብር መስጠት የሚያስፈልግ መሆኑን ጭምር ያስተምራል።

ዱማስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1802 ዓ.ም. ከፓሪስ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በቪሌር-ኮትሬ ከተማ ተወለደ። አያቱ ማሪ ሴሴት፣ ዛሬ ሃይቲ በሚባለው በሳን ዶሚንግ አገር በባርነት የኖረች ጥቁር ሴት ነበረች። ከእርስዋ የተወለደው አባቱ ግን በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ በጀግንነቱ እስከ ጄኔራልነት ማዕርግ ደረሰ። ከግብፅ ዘመቻ ሲመለስ በደቡብ ኢጣልያ ተይዞ ሁለት ዓመት ያህል ታሰረ፤ ጤናውም ተጎድቶ በ1806 ሞተ። ልጁ ያን ጊዜ አራት ዓመት አልሞላውም ነበር። መንግሥትም ለባልቴቲቱ ጡረታ ስለ ነፈጋት ሕፃኑ በችግር አደገ፤ በቂ ትምህርትም አላገኘም። ሀብቱ የእጅ ጽሕፈቱ ማማር ነበረ፤ በዚሁም ምክንያት ሃያ ዓመት ያህል ሲሆነው በፓሪስ በኦርሌያን መስፍን ጽሕፈት ቤት ተቀጠረ። ከሥራ በተረፈው ጊዜ እያነበበና እየጻፈ ቆይቶ፣ በ1829 «ሄንሪ ሣልሳዊና ቤተ መንግሥቱ» የተባለው ቲያትሩ በታየ ጊዜ ስሙ በከተማው ሁሉ ተሰማ።

በዚያ ዘመን የፓሪስ ጋዜጦች አንባቢ ለማብዛት ሲሉ ልብ ወለድ ታሪክ ከፋፍለው ያወጡ ነበር። ታሪኩ ልብ በሚያንጠለጥል ቦታ ላይ ይቋረጥና አንባቢው ቀጣዩን ጋዜጣ በጉጉት ይጠብቃል። በዚህ ዓይነት በ1844 «ሦስቱ ሙስኬቴሮች»፣ ከዚያው ዓመት እስከ 1846 ድረስ ደግሞ «የሞንቴ ክሪስቶው ኮንት» ወጡ። ባልሠራው ወንጀል በባሕር ምሽግ ውስጥ 14 ዓመት የታሰረው መርከበኛ ታሪክ፣ የደራሲውን አባት መከራ ለሚያውቅ ሰው ልብ የሚነካ ነው።

ዱማስ ግን ይህን ሁሉ ብቻውን አልጻፈም። ኦጉስት ማኬ የተባለ የታሪክ አስተማሪ ያለፈውን ዘመን ይመረምር፣ የድርሰቱንም ንድፍ ያዘጋጅ ነበር፤ ዱማስም ያንኑ በራሱ ብዕር እያሰፋ ነፍስ ይዘራበት ነበር። በመጽሐፎቹ ላይ የወጣው ግን የዱማስ ስም ብቻ ነው። ማኬ ከስሶ በ1858 ዳኞች ገንዘብ እንዲከፈለው ሲፈርዱ፣ ስሙ አብሮ እንዲጻፍ ግን አልፈቀዱለትም።

ዱማስ ያገኘውን ሁሉ በተነው። በፓሪስ አቅራቢያ በፖር-ማርሊ ያሠራው ታላቅ ቤት በ1847 ተመርቆ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በዕዳ ምክንያት ተሸጠ። በ1851 ከአበዳሪዎቹ ሸሽቶ ብራስልስ ገባ። ይህም ሆኖ ጋሪባልዲ ኢጣልያን አንድ ለማድረግ በተነሣ ጊዜ፣ በ1860 የጦር መሣሪያ ገዝቶ ረዳው። በ1870 በዲዬፕ አጠገብ በልጁ ቤት ዐረፈ።

በሕይወቱ ሳለ በአያቱ ባርነትና በቆዳው ቀለም የሚሰድቡት ብዙዎች ነበሩ። ፈረንሳይ ግን በ2002 ዐፅሙን ታላላቅ ሰዎችዋ ወደሚያርፉበት ወደ ፓንቴዎን አፍልሳ፣ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ በተገኙበት በክብር አኖረችው። ለዱማስ የሚገባው ክብር 132 ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ተከፈለ። እንግዲህ መጽሐፎቹን የሚያነብ ቅን ሰው ሁሉ የማኬንም ድካም ቢያስብ፣ ዱማስ ራሱ ሳይከፍለው የቀረውን ዕዳ በከፊል ከፈለለት ማለት ነው።