ኧርል ዋረን እና የአንድ ድምፅ ክብደት

ኧርል ዋረን እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 1891 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከኖርዌይ የመጡ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አባትየው እ.ኤ.አ. በ1894 በተካሄደው የሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ በመሳተፋቸው ከሥራ በመሰናበታቸው ቤተሰቡ ወደ ቤከርስፊልድ ተዛወረ። ዋረን በዚያች ከተማ አደጉ፤ በትምህርት ዕረፍት ወቅትም በባቡር ኩባንያ እየሠሩ የሠራተኛውን ኑሮ በቅርብ ተመለከቱ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርታቸውን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1914 ተመረቁ።

ዋረን የሕዝብ አገልግሎት ሕይወታቸውን የጀመሩት በዐቃቤ ሕግነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ የአላሚዳ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ፣ ከ1939 ጀምሮ ደግሞ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው ሠሩ። በዚህ ኃላፊነት ላይ ሳሉ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የጃፓን ተወላጆች ከመኖሪያቸው ተነሥተው በካምፕ እንዲቆዩ የተወሰደውን እርምጃ ደግፈዋል። በዚህ ድርጊታቸው መጸጸታቸውን ከሞቱ በኋላ በታተመው ግለ ታሪካቸው ገልጸዋል። ከ1943 ጀምሮ የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ሆኑ፤ ለዚሁ ሥልጣን ሦስት ጊዜ ተመርጠዋል።

በአገረ ገዥነታቸው ዘመን ካሊፎርኒያ የምክር ቤት መቀመጫ የምታከፋፍልበት ሥርዓት ከጊዜ በኋላ የዋረንን ስም ከሚያስጠሩት ጉዳዮች አንዱ ለመሆን በቃ። በግዛቲቱ ሕግ መሠረት ማንኛውም ካውንቲ በግዛቲቱ ሴኔት ከአንድ በላይ ተወካይ ሊኖረው አይችልም ነበር። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የነበረው የሎስ አንጀለስ ካውንቲ አንድ ሴናተር ሲኖረው፣ 14 ሺሕ ያህል ሕዝብ ብቻ የነበራቸው ሦስት ተራራማ ካውንቲዎችም በጋራ አንድ ሴናተር ነበራቸው። ይህን አሠራር ለማሻሻል እ.ኤ.አ. በ1948 ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ ዋረን ነባሩን ሥርዓት ደግፈው ተከራከሩ፤ የማሻሻያ ሐሳቡም ውድቅ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1953 ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር ዋረንን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ አድርገው ሾሟቸው። ከዚያ በፊት በዳኝነት ወንበር ተቀምጠው አያውቁም ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሜይ 17 ቀን ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ በትምህርት ቤቶች የተዘረጋው የዘር መለያየት ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑን ወሰኑ። የውሳኔውን ሐተታ የጻፉት ዋረን ነበሩ።

የምርጫ ክልል አከላለል ጥያቄ ግን ለብዙ ዘመን ከፍርድ ቤት ደጅ ሲመለስ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1946 ከኢሊኖይ ግዛት የቀረበ ተመሳሳይ አቤቱታ፣ ጉዳዩ ፖለቲካዊ በመሆኑ ዳኞች ሊገቡበት አይገባም በሚል ምክንያት ተቀባይነት አላገኘም። ሆኖም የግዛቶቹ ምክር ቤቶች ክልሉን እንደገና እንዳያካልሉ የሚያግዳቸው የራሳቸው ጥቅም ነበር፤ አዲስ አከላለል ቢወጣ ወንበራቸውን የሚያጡት አባላቱ ራሳቸው ነበሩና። በዚህም የተነሣ ቅሬታ ያለው መራጭ አቤት የሚልበት ሌላ በር አልነበረውም።

የቴነሲ ግዛት ሁኔታ ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ነው። የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት መቀመጫዎች በየ10 ዓመቱ በሕዝብ ቁጥር ልክ እንዲደለደሉ ቢያዝም፣ ከ1901 በኋላ ድልድሉ አልታደሰም ነበር። በነዚያ ስድሳ ዓመታት ለመምረጥ ብቁ የሆነው ሕዝብ ከ487 ሺሕ ወደ 2 ሚሊዮን 92 ሺሕ ከፍ ብሏል። ከመራጮቹ 37 በመቶ የሚሆኑት ከ33ቱ የግዛቲቱ ሴናተሮች 20ውን ይመርጡ ነበር። በሜምፊስና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ መራጮች ድምፃችን ክብደት አጥቷል በማለት ክስ መሠረቱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 1962 በስድስት ለሁለት አብላጫ ድምፅ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን አቤቱታ ተቀብለው መመርመር እንደሚችሉ ወሰነ። የውሳኔውን ሐተታ የጻፉት ዳኛ ዊልያም ብሬናን ሲሆኑ ዋረን ከአብላጫው ጋር ቆሙ።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ትክክለኛው መመዘኛ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ተከተለ። መልሱ እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 1964 በአላባማ ግዛት ጉዳይ ተሰጠ። በአላባማ ከ600 ሺሕ በላይ ሕዝብ የነበረው የጀፈርሰን ካውንቲ እና 15,417 ሕዝብ የነበረው የላውንዲስ ካውንቲ እያንዳንዳቸው አንድ ሴናተር ነበራቸው። ዋረን በጻፉት ውሳኔ መሠረት የሕዝብ ተወካዮች የሚወክሉት ሰውን እንጂ የመሬት ስፋትን አይደለም፤ ስለሆነም የግዛቶች ምክር ቤቶች ሁለቱም የሕዝብ ቁጥርን መሠረት አድርገው ሊቋቋሙ ይገባል። መሠረቱም የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ለማንኛውም ሰው ያረጋገጠው የእኩል ጥበቃ መብት ነው።

በዚያው ዕለት በሌሎች አምስት ግዛቶች ጉዳይም ተመሳሳይ ውሳኔ ተሰጠ። ከእነዚህ አንዷ በሆነችው በኮሎራዶ ድልድሉን ሕዝቡ ራሱ በድምፅ ብልጫ አጽድቆት ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን የአንድ ዜጋ የእኩልነት መብት በብዙኃን ድምፅ ሊነፈግ እንደማይችል ወሰነ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለግዛቶቹ አዲስ ሕግ አላወጣላቸውም፤ የነበረው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ አስታወቀ እንጂ። ክልሉን እንደገና የማካለሉ ሥራ በቅድሚያ ለግዛቶቹ ምክር ቤቶች የተተወ ሲሆን፣ ኃላፊነታቸውን በወቅቱ ባልተወጡት ላይ ግን የሥር ፍርድ ቤቶች ቀነ ገደብ ይወስኑ፣ አስፈላጊም ሲሆን አከላለሉን ራሳቸው ያዘጋጁ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ግዛቶች ክልላቸውን አስተካከሉ። በካሊፎርኒያም የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሴናተሮች ቁጥር ከአንድ ወደ ከአሥር በላይ አደገ። ዋረን በአገረ ገዥነታቸው የተከላከሉለት ሥርዓት በዳኝነታቸው በሰጡት ውሳኔ ፈረሰ፤ የቀድሞ አቋማቸው ከፖለቲካ ጥቅም የመነጨ እንደነበርም አልሸሸጉም።

ውሳኔው ተቃውሞ ሳይገጥመው አልቀረም። ዳኛ ጆን ሃርላን ጉዳዩ የግዛቶች ሥልጣን ነው በማለት የልዩነት ሐሳባቸውን አሰፈሩ። ሴናተር ኤቨረት ዲርክሰን ውሳኔውን በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለመሻር ያደረጉት ጥረት በ1965 እና በ1966 በሴኔቱ አብላጫ ድምፅ ቢያገኝም የሚፈለገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሳያገኝ ቀረ። በየአውራ ጎዳናው ዳር ዋረን ከሥልጣን እንዲነሡ የሚጠይቁ ሰሌዳዎች ተተክለው ነበር።

ፍርድ ቤቱ በ1966 ደግሞ የቨርጂኒያ ግዛት መራጮችን ታስከፍል የነበረውን የምርጫ ግብር ሻረ። በዚያው ዓመት በዋረን በተጻፈ ሌላ ውሳኔ የ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ ሕገ መንግሥታዊ መሆኑ ተረጋገጠ።

ዋረን እ.ኤ.አ. በ1969 ጡረታ ወጡ፤ ጁላይ 9 ቀን 1974 በ83 ዓመታቸው በዋሽንግተን ከተማ ዐረፉ። ከ16 ዓመታት የዳኝነት ሥራቸው ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ የሰጡት ለምርጫ ክልል ውሳኔዎቹ ነበር። ለእነዚህ ውሳኔዎች መነሻ የሆነው በየግዛቱ የሚኖሩ ተራ መራጮች ለፍርድ ቤት ያቀረቡት አቤቱታ ነው።