የክሪስታልን ምሥጢር የፈታው ወጣት

ዊሊያም ሎረንስ ብራግ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1890 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በአድሌድ ከተማ ተወለደ። በሕፃንነቱ ወድቆ ክርኑ በተሰበረ ጊዜ፣ የፊዚክስ መምህር የነበረው አባቱ ያን ጊዜ አዲስ በተገኘው በኤክስሬይ ስብራቱን መረመረለት። ይኸው ጨረር ኋላ የሕይወቱ ሥራ ሆነ።

በ1912 ዓ.ም. በካምብሪጅ ሳለ፣ ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ በተደረደሩት አቶሞች ላይ አርፎ ሲመለስ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ማስላት እንደሚቻል በአጭር ቀመር አሳየ። ዕድሜውም 22 ዓመት ነበረ። በ1915 ዓ.ም. ከአባቱ ጋራ የኖቤልን ሽልማት አገኘ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ወንድሙ ሮበርት በጋሊፖሊ ጦርነት ሞተ፤ ብዙ ሰዎችም የልጁን ግኝት ለአባቱ ስለ ሰጡ ደስታው ሙሉ አልሆነም።

ብራግ ግን ሥራውን አልተወም። በ1938 ዓ.ም. በካምብሪጅ የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ሆኖ፣ እጅግ አስቸጋሪ የነበረውን የማክስ ፔሩትዝን የፕሮቲን ምርምር ደገፈ። በ1962 ዓ.ም. ፔሩትዝና ጆን ኬንድሩው ሲሸለሙ ትዕግሥቱ ፍሬ አፈራ።

ብራግ በ1971 ዓ.ም. ዐረፈ። በዚያው ዓመት በጨዋማ ውሃ በሚኖር ረቂቅ ሕያው ነገር ሽፋን ላይ ብርሃን የሚቀበል ሐምራዊ ፕሮቲን መገኘቱ ተነገረ። ይህ ፕሮቲን በብርሃን ኃይል ፕሮቶኖችን ከሕዋሱ ወደ ውጭ ይገፋል። በ1975 ዓ.ም. ሪቻርድ ሄንደርሰንና ናይጄል አንዊን በካምብሪጅ በኤሌክትሮን መርምረው፣ ሽፋኑን የሚያቋርጡ ሰባት ዘንጎች እንዳሉት አሳዩ። ኋላም የኤክስሬይ ምርመራ የአቶሞቹን ቦታ ስለ ገለጠ፣ ብርሃን ሬቲናል የተባለውን ሞለኪውል ሲያጥፈው ፕሮቶኑ በምን መንገድ እንደሚያልፍ ታወቀ።

መንገዱን የጠረገው የዚያ ወጣት ቀመር ነው። እኛም ተማሪዎች በወጣትነት የተዘራ ዕውቀት ከዘሪው ዕድሜ በላይ እንደሚያፈራ ከዚህ እንማር።