የራፋኤል ሌምኪን ታሪክ

ራፋኤል ሌምኪን በ1900 ዓመት ተወለደ፤ በዚህ ታሪክ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የተወለደበት አገር ዛሬ ቤላሩስ ይባላል፤ በዚያ ዘመን ግን በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ነበረ። ወላጆቹ አይሁድ ሲሆኑ በእርሻ ይተዳደሩ ነበር። እናቱ ልጆቿን በቤት ታስተምራቸው ነበረች። ራፋኤል ሕፃን ሳለ ቄሣር ኔሮን በሮም ክርስቲያኖችን ለአራዊት እንደ ሰጣቸው የሚናገር መጽሐፍ አነበበና፥ ስለ ምን ማንም እንዳልረዳቸው እናቱን ጠየቃት።

አድጎም በልቮቭ ከተማ ሲማር የአርመኖችን መከራ ሰማ። ከ1915 ጀምሮ የቱርክ መንግሥት አርመኖችን ከቤታቸው እያወጣ ወደ ምድረ በዳ ነድቷቸው እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቆ ነበር። ከዚህ ግፍ አለቆች አንዱ የነበረውን ጣላት ፓሻን አንድ የአርመን ጎልማሳ በ1921 በበርሊን ገደለውና ለፍርድ ቀረበ። ሌምኪንም፥ አንድ ሰው የገደለ ሲከሰስ ያን ያህል ሕዝብ ያስፈጀው በበርሊን ስለ ምን ሳይያዝ እንደ ኖረ መምህሩን ጠየቀ። መምህሩ አንድ ገበሬ የገዛ ዶሮዎቹን ቢያርድ ጎረቤቱ ሊከለክለው እንደማይችል፥ መንግሥትም በሕዝቡ ላይ እንደዚሁ መሆኑን አስረዳው። ተማሪው ግን ሰው ዶሮ አለመሆኑን መለሰለት። ለመምህር እንዲህ ብሎ መመለስ ድፍረት ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ቀን የተሳሳተው መምህሩ ነበረ።

በ1933 ሌምኪን መንግሥታት እንዲህ ያለውን ግፍ በአንድነት እንዲቀጡ አሳቡን ጽፎ በማድሪድ ለተሰበሰቡ የሕግ ዐዋቂዎች ላከ፤ አልተቀበሉትም። በ1939 የሂትለር ጦር ፖላንድን በወረረ ጊዜ በጫካ ሸሽቶ ወላጆቹን ተሰናበተ፤ በስዊድንም ተቀምጦ በ1941 አሜሪካ ደረሰ። ወላጆቹ አብረውት አልሄዱም። ከጦርነቱ በኋላ እነርሱና ሌሎች ዘመዶቹ፥ በጠቅላላው 49 ሰዎች፥ እንደ ተገደሉ ዐወቀ።

በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ወንጀል ስም አወጣለት። ከግሪክ ቋንቋ ነገድ የሚለውን፥ ከላቲን መግደል የሚለውን ቃል አጋጥሞ ጄኖሳይድ አለው፤ በእኛ ቋንቋ ዘር ማጥፋት ማለት ነው። ከዚያም ገንዘብ ሳይኖረው በተባበሩት መንግሥታት ደጅ እየጠና መልእክተኞቹን አንድ በአንድ ይለምን ጀመር። በሩቅ ሲያዩት መንገድ የሚለውጡም ነበሩ።

በ1948 በፓሪስ ጉባኤው ሕጉን ማንም ሳይቃወም ተቀበለው። መንግሥታቱ ግፈኛውን ለመቅጣት ብቻ ሳይሆን ግፉን አስቀድመው ለመከልከል ተስማሙ። ጋዜጠኞች ሌምኪንን ፈልገው ሲያገኙት በጨለማው አዳራሽ ብቻውን ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ከሁሉ አስቀድማ በ1949 ስምምነቱን ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ በ1936 ልጆቿ በመርዝ ጋዝ ሲያልቁ የመንግሥታት ማኅበር ያልታደጋት አገር ቀድማ ብትገኝ አያስደንቅም።

ሌምኪን በ1959 በኒው ዮርክ በድህነት ሞተ፤ ለቀብሩም የመጡት ጥቂቶች ነበሩ። አሜሪካ ሕጉን ያጸደቀችው በ1988 ነው። በ1994 በሩዋንዳ በመቶ ቀን ያህል ውስጥ ብዙ መቶ ሺህ ቱትሲዎች ሲታረዱ፥ ግፉን ለመከልከል ቃል የገቡት መንግሥታት ቆመው አዩ። በ1998 በአሩሻ የተቀመጠ የዓለም ፍርድ ቤት በአንድ የሩዋንዳ ከንቲባ ላይ ስለ ዘር ማጥፋት ፈረደ። ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በዚህ ወንጀል ሲፈርድ ይህ የመጀመሪያው ነበረ፤ ሕጉ ከወጣ 50 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር።