ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ አዝነን ሳይሆን አይተን የምናከብረው ሠዓሊ

በዚህ እትም የሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታን የሕይወት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። እሱን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ማኅበራችን አባላቱ አልፎ አልፎ ተሰባስበው የሥዕል ዐውደ ርዕይ እንዲያዩ ሐሳብ ካቀረበ ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ተነሥቷል። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርትና የዘይት ዋጋ እያስጨነቀን ሥዕል ማየት ምን ይጠቅመናል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከራሳችን ቃል ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት ብናየው ይሻላል ብለናል።

ገብረ ክርስቶስ በ1925 ዓ.ም. ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ መጻሕፍትን በእጅ ይጽፉ፣ በሥዕልም ያስጌጡ ነበር። ስለዚህ ልጁ ቀለምና ብዕር በቤቱ እያየ ነው ያደገው። ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገባ። ትምህርቱ ግን ልቡን አልያዘውም፤ ሳይጨርስ ተወው። በዚያን ጊዜ ልጅ ኮሌጅ ገብቶ ትምህርቱን ሲያቋርጥ ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚጨነቅ እናት የሆነች ሁሉ ታውቀዋለች። ሥዕል እንጀራ ይሆናል ብሎ የሚያምን ሰው ጥቂት ነበር። የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንኳ በአርቲስት አለ ፈለገ ሰላም ጥረት የተከፈተው በ1950 ዓ.ም. ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957 ገብረ ክርስቶስ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ከተማ ሄደ። በዚያ እስከ 1961 ድረስ ሥዕል ተማረ። ትምህርቱን በጥሩ ውጤት አጠናቆ እዚያው ከተማ ሥራዎቹን ለሕዝብ ለማሳየት በቃ። ከዚያ ወደ አገሩ ተመለሰና በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ ዐውደ ርዕይ አቀረበ። የዚያ ዘመን ተመልካች የለመደው ሌላ ዓይነት ሥዕል ነበር። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ዓይናቸው የጎላ ቅዱሳንን፣ በየቤቱና በየሱቁ የንግሥተ ሳባን ታሪክ፣ የዐድዋን ጦርነትና የነገሥታትን መልክ ያውቅ ነበር። የገብረ ክርስቶስ ሥዕሎች መካከል ደግሞ ሰውም ዛፍም የማይታይባቸው፣ ቀለምና ቅርጽ ብቻ የሆኑ ነበሩባቸው፤ ረቂቅ የሚባሉት ናቸው። ሰው ሊያይ መጣ፤ ተከራከረም። ይህ የፈረንጅ ነገር ነው ያሉ ነበሩ። አዲስ ዓይን ተከፈተልን ያሉም ነበሩ። ዋናው ነገር ሰዉ መምጣቱ፣ ቆሞ ማየቱና መነጋገሩ ነው። ማንም ሳያየው የቀረ ሥራ አይተቸም፣ አይመሰገንምም።

ገብረ ክርስቶስ ግን የአገሩን ነገር አልተወም። ጎልጎታ የተሰኘው ሥዕሉ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ሲሣል የኖረውን ስቅለት በአዲስ መንገድ የሣለበት ነው። ነገሩ የአባቶች ሆኖ አሣሣሉ የራሱ ነው። ከእኛም መካከል የእናቷን የጥልፍ ንድፍ ይዛ ቀለሙን የምትለውጥ አለች። አንዳንዱ ገዢ ለምን ይህ ተለወጠ ይላል፤ ሌላው ደግሞ የሚወደው ስለተለወጠ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ገብረ ክርስቶስ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሥነ ጥበብ ሽልማትን ተሸለመ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሽልማቱን የወሰዱት አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ነበሩ። በ1966 ደግሞ ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሶ በዚያው ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ሁለቱ ሰዎች አሣሣላቸው የተለያየ ቢሆንም አንድ ትውልድ ሠዓሊ አስተምረዋል። ገጣሚው ሰሎሞን ዴሬሳ ስለ ሁለቱም ሥራ በሕይወት እያሉ ጽፏል። ይህን ነጥብ ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። አንድ ገጣሚ የሙያ ወንድሞቹን ሥራ አይቶ፣ አስቦ፣ ለሌላው ሰው አስረዳ። ድጋፍ ማለት ገንዘብ ብቻ አይደለም።

በዚያ ትምህርት ቤት በእነዚያ ዓመታት ይማሩ ከነበሩት ጥቂት ሴቶች አንዷ ሠዓሊ ደስታ ሐጎስ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1969 የግሏን ዐውደ ርዕይ አቀረበች፤ ለብቻዋ ሥራዋን ለሕዝብ ያሳየች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሠዓሊ ተብላም ትታወቃለች። ሴት ልጅ ሥራዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ኑና እዩልኝ ማለት በዚያ ጊዜ ቀላል አልነበረም። ዛሬም ቀላል አይደለም።

አሁን ለእኛ ለዘነበወርቅ ሰዎች ቅርብ ወደሆነው ነገር እንምጣ። ገብረ ክርስቶስ ከቆዳ ሕመም ጋር ነው የኖረው። ሕመሙ ለምጽ ነበር፤ የቆዳውን ቀለም በየቦታው የሚያነጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሕመም ነው። ነገር ግን በእኛ አገር ለምጽ የሚለው ቃል ከባድ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ለምጽ ተብሎ የተጻፈውን ሰው ከሥጋ ደዌ ጋር አንድ አድርጎ ስለሚያየው፣ ሁለቱ የማይገናኙ ሕመሞች በአንድ ስም ተፈርተው ኖረዋል። ሰው እጅ ከመጨበጡ በፊት እጅህን ያያል። አጠገብህ ከመቀመጡ በፊት ያመነታል።

ሰፈራችን ይህን ታሪክ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ዘነበወርቅ የሚለው ስም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ዘነበወርቅ ነው። በስሟ የተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ዙሪያ ለሕክምና መጥተው ወደ መንደራቸው መመለስ ያልቻሉ ሰዎች ጎጆ ቀለሱ፤ ከዚያ ሰፈር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት ተቋቋመ። ያው ገብረ ክርስቶስ የተሸለመበት ዓመት ነው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ በኩል ቆዳው የነጣ ሠዓሊ ሲሸለም፣ በሌላ በኩል በቆዳቸው ምክንያት ከሰው የተለዩ እናቶቻችንና አባቶቻችን በዚህ ሰፈር ፈትል እየፈተሉና ጥልፍ እየጠለፉ ኑሯቸውን ይገፉ ነበር። ሥጋ ደዌ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን ሕመም ነው። ከሕመሙ ይልቅ ለመዳን ያስቸገረው የሰው ዓይን ነው።

የገብረ ክርስቶስን ሕይወት ስናነብ የምናየው አንድ ነገር አለ። ሰው ፊቱን አይቶ ሊያዝንለት ይችል ነበር። እሱ ግን ሰዉ ቆሞ የሚያየውን ሥራ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። የተሸለመውም ስለታዘነለት ሳይሆን ሥራው ስለታየ ነው። ይህ ልዩነት ለእኛ ትልቅ ነው። የምንሠራውን ጥልፍ አዝኖ የሚገዛና አይቶ የሚገዛ ሰው አንድ አይደሉም። አዝኖ የሚገዛ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ዕቃውንም ቤቱ ወስዶ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። አይቶ የሚገዛ ግን ጠረጴዛው ላይ ያነጥፈዋል፣ እንግዳ ሲጠይቀው ማን እንደሠራችው ይናገራል፣ ተመልሶም ይመጣል። ደጋፊዎቻችን ይህን ስንጽፍ ቅር እንዳትሰኙብን። ያደረጋችሁልን ሁሉ በልባችን አለ። ከዚህ በኋላ ደግሞ ሥራችንን ገልብጣችሁ የጀርባውን ስፌት ጭምር እንድታዩልን፣ ያልተስተካከለውንም እንድትነግሩን እንለምናለን።

የገብረ ክርስቶስ መጨረሻ አሳዛኝ ነው። በደርግ ዘመን ከአገር ወጣ፤ ወደ ጀርመን ተመለሰ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1973 ዓ.ም.፣ ገና ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው፣ በኦክላሆማ ግዛት ሎተን በምትባል ከተማ አረፈ። ስለ አገር ፍቅርና ናፍቆት ከጻፉት ገጣሚዎች ሁሉ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ሰው የተቀበረው በባዕድ አገር ነው። እዚህ ቢሆን ዕድርተኛው ድንኳን ይተክል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅል ነበር።

ሥራው ግን አብሮት አልተቀበረም። በጀርመን የቀሩ ሥዕሎቹ ተጠብቀው ቆይተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። ግጥሞቹም መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርእስ ታትመው አንባቢ እጅ ገብተዋል። ይህ በራሱ ጊዜ የሆነ ነገር አይደለም። ሥዕሎቹን ከአቧራና ከእርጥበት የጠበቁ፣ ወረቀት የሰበሰቡ፣ ደብዳቤ የጻፉ፣ ክፍል የፈለጉ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹን በስም አናውቃቸውም። እነሱ ባይኖሩ እኛ ዛሬ ስለ ገብረ ክርስቶስ ባልጻፍን ነበር።

ያለ ጠባቂ የጠፋው ሥራ ግን ብዙ ነው። በሰፈራችን የሞቱ አሮጊቶች የጠለፉት፣ የሰፉት መሶብና ሙዳይ የት አለ? አብዛኛው ተሸጦ ሄዷል፣ ስማቸው ሳይጻፍበት። ፎቶግራፍ እንኳ የለንም። ስለዚህ ማኅበራችን ከዚህ እትም ጀምሮ አባላት የጨረሱትን ሥራ ከመሸጡ በፊት በስልክ ፎቶ እንዲያነሱና ስማቸውንና ቀኑን በማኅበሩ መዝገብ እንዲያስመዘግቡ ይጠይቃል። ወጪ የለውም። የልጅ ልጆቻችን አያታቸው ምን ትሠራ እንደነበር ያዩበታል።

ዐውደ ርዕይ ስለ ማየትም የምንለው ይህንኑ ነው። ብዙዎቻችን ጋለሪ ስንባል ለሀብታምና ለፈረንጅ የተሠራ ቤት ይመስለናል። በሩ ላይ ማን ነሽ የሚል ሰው የሚያቆመን ይመስለናል። በከተማችን ካሉ ጋለሪዎች ግን ብዙዎቹ ያለ ክፍያ ያስገባሉ፤ የሚያስከፍልም ካለ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ መካኒሳ፣ ዞማ ሙዚየም አለ። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ በዚያው በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ ሲሆን፣ በመርፌና በክር እየሰፋ፣ ቁልፍና የተጣለ ዕቃ እየሰበሰበ በሠራቸው ሥራዎች በዓለም ታውቋል። መርፌና ክር! በየቀኑ በእጃችን ያለው ነው። በዓለም ጋለሪዎች የተሰቀለው ስፌት ከእኛ ስፌት ጋር አንድ ዓይነት መርፌ ይጠቀማል።

ስንሄድ ምን እናድርግ? ቀላል ነው። አንደኛ፣ አንዱ ሥዕል ፊት ቆም እንበል። ሁሉንም ለመጨረስ አንቸኩል። ካልገባን ይህ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የገብረ ክርስቶስን ሥዕል ያዩትም ጠይቀዋል፣ ተከራክረዋል። ሁለተኛ፣ ሠዓሊው ወይም ሠዓሊዋ ካሉ እናነጋግራቸው። ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ፣ ቀለሙ ከየት እንደመጣ እንጠይቅ። የሠራ ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደስ እንደሚለው ከራሳችን እናውቃለን። ሦስተኛ፣ የጎብኚዎች መዝገብ ካለ እንጻፍበት። መጻፍ የማትችል ብትኖር የምትጽፍላት እህት አብራት ትሁን። ለጀማሪ ሠዓሊ ያች አንድ መስመር ቀላል ስጦታ አይደለችም። አራተኛ፣ ወደ ሰፈር ስንመለስ ያየነውን ለጎረቤት እንንገር። በቡና ላይ የተወራ ዐውደ ርዕይ በሚቀጥለው ቀን ሦስት ሰው ይጨምራል።

መግዛት የሚችል ይግዛ። ትንሽ ሥዕል፣ የታተመ ፖስት ካርድም ቢሆን ለሠሪው ዋጋ አለው። ስንገዛ ግን ዋጋውን የሸራና የቀለም ሒሳብ ብቻ አድርገን አንከራከር። የእኛን ጥልፍ ይህ እኮ ክር ብቻ ነው ብለው ዋጋ ሲያወርዱብን የሚሰማንን እናስታውስ። አንድ የጠረጴዛ ልብስ ስንት ሌሊት እንደወሰደ የምናውቅ ሴቶች የሌላውን ሌሊት መቁጠር አያቅተንም።

ለጉዞው ከደጋፊዎች ገንዘብ አንድ ብር አንነካም። የታክሲውን እያንዳንዳችን እንከፍላለን፤ ለጎደላት እንደ ልማዳችን አዋጥተን እንሞላለን። የመጀመሪያው ጉዟችን ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም እንዲሆን አስበናል። ከዘነበወርቅ ተነሥቶ ታክሲ እየቀያየሩ ስድስት ኪሎ መድረስ ነው። ከመሄዳችን በፊት ክፍት የሆነበትን ቀንና ሰዓት ጠይቀን ለአባላት እናሳውቃለን። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። በተለይ ደብተራቸው ዳር ላይ ሲሥሉ የምትቆጧቸውን።