በሙያው ያደረ ሙዚቀኛ፤ የሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን የሕይወት ታሪክ

ሰው ሙያ ካለው በሙያው ይከበራል፤ በሙያው ብቻ መኖር ግን ለሁሉ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በአውሮፓ የሙዚቃ ደራሲ መሆን ማለት ብዙውን ጊዜ በመስፍን ቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን ተቀጥሮ ማደር ማለት ነበር። ሙዚቀኛው ጌታው ያዘዘውን ዜማ ጌታው ባዘዘው ቀን ያቀርባል፤ ሳያስፈቅድም ወደ ሌላ አገር አይሄድም። ከዚህ ልማድ ወጥተው በራሳቸው ሥራ ለመኖር ከደፈሩት አንዱ ቤትሆቨን ነው። በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቤትሆቨን በ1770 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቦን ከተማ ተወለደ። አያቱም አባቱም በከተማይቱ ቤተ መንግሥት ሙዚቀኞች ነበሩ። እናቱ በ1787 ሞተች፤ አባቱም መጠጥ ስላሸነፈው ቤቱን ማስተዳደር አቃተው። ስለዚህ ልጁ በ1789 ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ የአባቱ ደመወዝ እኩሌታ ለእሱ እንዲከፈል አመልክቶ ተፈቀደለትና ሁለቱን ታናናሽ ወንድሞቹን መርዳት ጀመረ።

በ1792 ወደ ቪዬና ሄዶ ከታላቁ ሊቅ ከሃይድን ተማረ። ከቦን ይላክለት የነበረው ገንዘብ ብዙም ሳይቆይ ስለ ተቋረጠ፤ ፒያኖ በማስተማርና በመኳንንት ቤት በመጫወት ይኖር ጀመር። በ1795 ሦስት ድርሰቶችን ባሳተመ ጊዜ ገዥዎች ስማቸውን አስቀድመው እንዲያስመዘግቡ አደረገ፤ ከ120 የሚበልጡ ሰዎችም ተመዘገቡ።

በዚያን ዘመን የደራሲን መብት የሚያስከብር በቂ ሕግ አልነበረም። አሳታሚው ለደራሲው አንድ ጊዜ ብቻ ይከፍላል፤ በሌላ አገር ያለ አታሚ ግን ያለ ክፍያ ገልብጦ ሊያትመው ይችላል። ቤትሆቨን ይህን ስላወቀ አንዱን ድርሰት ለተለያዩ አገሮች አሳታሚዎች በአንድ ወቅት መሸጥን ዘዴ አደረገ። በ1807 ከሎንዶኑ አሳታሚ ከክሌሜንቲ ጋር የ200 ፓውንድ ውል የተዋዋለው በዚህ መንገድ ነው።

ነገር ግን ከሁሉ የከፋ ጠላት ከውስጡ ተነሣበት። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ጆሮው መድከም ጀመረ። በ1802 ሃይሊገንሽታት በምትባል መንደር ተቀምጦ ለወንድሞቹ በጻፈው ደብዳቤ ራሱን ለመግደል እስከ ማሰብ ደርሶ እንደ ነበረና የያዘውን የጥበብ ሥራ ሳይፈጽም መሞት እንደማይገባው በማሰብ እንደ ተመለሰ ገለጸ። ደብዳቤው ሳይላክ ቀርቶ ከሞተ በኋላ ከወረቀቶቹ መካከል ተገኘ።

በራስ መኖር ዋጋ ያስከፍላል። መስፍኑ ሊክኖቭስኪ በየዓመቱ 600 ፍሎሪን ይሰጠው ነበር፤ በ1806 ግን ለእንግዶቹ ለፈረንሳይ መኮንኖች እንዲጫወት ሲጠይቀው እምቢ ብሎ ቤቱን ትቶ ስለ ሄደ ያ ገንዘብ ቀረበት። በ1808 በታኅሣሥ ወር ራሱ ባዘጋጀው ትርዒት 5ኛውና 6ኛው ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ተሰሙ፤ ሕዝቡም በብርድ አራት ሰዓት ያህል ተቀመጠ፤ ልምምዱ ስላልበቃ አንዱ ድርሰት መካከሉ ላይ ተበላሽቶ እንደገና ተጀመረ።

የዌስትፋሊያ ንጉሥ ሊቀጥረው በፈለገ ጊዜ ሦስት የቪዬና መሳፍንት ከከተማይቱ እንዳይለይ ብለው በ1809 በዓመት 4,000 ፍሎሪን ሊሰጡት ተዋዋሉ። ስለ ገንዘቡ ዜማ እንዲያቀርብ አላስገደዱትም። ይሁን እንጂ በ1811 የኦስትሪያ ገንዘብ ዋጋው ወደቀ፤ በ1812 ከሦስቱ አንዱ ከፈረስ ወድቆ ሞተ፤ ቤትሆቨንም የቀረውን ለማግኘት መከራከር ግድ ሆነበት።

ሥራውን ይሠራ የነበረው በትጋት ነው። ማለዳ ተነሥቶ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ በእግሩ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ያሰበውን ዜማ የሚጽፍበት ደብተርም ከኪሱ አይለይም። አንዱን ዜማ ደጋግሞ እየሰረዘ ማረሙ እስከ ዛሬ ከቀሩት ደብተሮቹ ይታያል። ቡናውን ለአንድ ስኒ 60 ፍሬ እየቆጠረ ያፈላ ነበር ይባላል። ቁጡና ለወዳጆቹ አስቸጋሪ ነበር፤ ታላቁን የቅዳሴ ዜማ ለብዙ አሳታሚዎች ቃል ገብቶ ማሳዘኑም አይካድም።

በመጨረሻ ምንም ያህል ስለማይሰማ እንግዶቹ የሚሉትን በደብተር ይጽፉለት ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1824 9ኛው ሲምፎኒ በቪዬና ሲሰማ ሕዝቡ በጭብጨባ ቢያናውጠውም እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር፤ ከዘፋኞቹ አንዲቱ ይዛ አዞረችውና ጭብጨባውን በዓይኑ አየ። ከወጪ የተረፈው ገንዘብ ግን ጥቂት ስለ ነበረ እጅግ አዘነ።

ቤትሆቨን መጋቢት 26 ቀን 1827 አረፈ። 9 ሲምፎኒዎች፤ 32 የፒያኖ ሶናታዎችና 16 የአውታር ኳርቴቶች ትቶ ሄዷል፤ በቀብሩም ላይ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተገኘ።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ታሪክ የምንማረው በራስ መኖር ማለት እንደ ልብ መሆን አለመሆኑን ነው። አዛዥ የሌለው ሰው ራሱን ማዘዝ አለበት፤ የሚቆጣው አለቃ የሌለውም ስሕተቱን ራሱ መሰረዝ አለበት። ቤትሆቨን ጆሮው እንኳ ሲከዳው ደብተሩን አልጣለም።